ተረከዝ

ከሐይቁ ወዲህ ማዶ፣ ከዘንባባው ጀርባ፣
ገና በር ስከፍት አንዲት ሴት ስትገባ፣
ግራ እጇ በጀሶ፣ በቀኝ እጇ ምርኩዝ፣
"የት ጋ ነው?" አለችኝ፣ "የሚታየው ተረከዝ?"

ካርዷን ገለጥሁት።
ይመኙሻል ተገኘ። ዕድሜ ስልሳ ሰባት።
ሰፈር ሽምብጥ። ከባጃጅ ስትወርድ፣ የእጅ አንጓ ስብራት።
ሥራ፦ ጡረተኛ። ከግርጌው ተጽፎ፣
በቀይ እስክሪፕቶ፣ ከመስመሩ አልፎ፦
"ጆሮዋ አይሰማም፤ ጮክ ብላችሁ አውሯት።"
ጮኽኩ። ለካ ከንፈር ማንበብ ነው የምትችልበት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ቆምኩኝ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ፣
መቶ ማሽን ሲጮህ፣ መሬቱ ሲናጥ።
መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ከጆሮዬ ራቀ፣
ከዚያ የልጄ ሹክሹክታ፤ እንዲያው ሳልሰናበት አለቀ።
የቀረኝ እግሬ ነው። አንዱ ማሽን ሲያነክስ፣
በሲሚንቶው አልፎ ተረከዜን ሲነካኝ ነበር የምደርስ።
አለቃው ይገርመው ነበር፦ 'ደንቆሮዋ ቀድማ
ከባለ ጆሮው ፊት ትገኛለች፤ ማን ይሆን የሚሰማ?'"

ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ንቃቃት፣
ግንቦት ላይ ውኃ የሸሸው የጣና ዳር መሬት።
ቅባቱን ቀብቼ፣
በማሽኑ ሁለት ጉንጭ መካከል እግሯን አስገብቼ፣
"እናቴ፣ አትንቀሳቀሺ" አልኳት፣ ትንፋሼን ገትቼ።

"ምንድን ነው የሚያደርገኝ?"
"ድምፅ ነው" አልኳት፣ "በአንድ ጎን ይገባል፣
በሌላው ይወጣል፤ አጥንቱ ካልሳሳ ቶሎ ይሻገራል፣
ከሳሳ ይዘገያል፣ መንገድ ላይ ይቀራል።"
ሳቀች። "እኔና ድምፅ እኮ ድሮ ነው የተፋታን!"
"ይኼን ማንም አይሰማው፤ እኔም፣ ሐኪሙም፣ የሌሊት ወፍ እንኳን።"
"እንግዲያው እኩል ነን" አለች።
ዝም አልን።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ከእምቦጩ ወዲያ፣
ያለ ድምፅ ይወርዳል፣ ይወጣል መቅዘፊያ።
ታንኳ ሠሪው አባቴ፣ ደንገሉን በጣቱ እየመታ፣ "አለ፤
ላዩ አረንጓዴ ሆኖ የሚያታልል አለ፤
ውስጡን ሳታዳምጥ እንዳታስር" እያለ፣
ይመርጥ ነበር። ሰፍነግ የመሰለ ልብ፣ በአየር የተሞላ፣
ሰው ተሸክሞ ያሻግራል፤ እስኪርስ፣ እስኪላላ።

ቁጥሩ ብቅ አለ። ቀይ ነው። ከመቀነስ ምልክት ጋር፣
ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። አንደበቴ ሲታሰር፣
ከሐኪሙ በፊት እኔ ልናገር? በየትኛው ከንፈር?
"ተወው" አለች፣ "አነበብኩት፤ ፊትህ አይዋሽም።
ሲያነክስ ያልሰማሁት ማሽን አንድም የለም፤
የራሴን ግን አልሰማሁም።"

"መድኃኒት አለው" አልኳት፣ "ፀሐይም መሞቅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት።"
"ፀሐይ?" አለች። "የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ፤ ጠዋት እንቅልፌ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት!"

ቅባቱን ጠረግሁላት። ባዶ እግሯን ዘርግታ፣
ሲሚንቶው ላይ ቆመች፣ አንገቷን ደፍታ።
"ከጓሮ ሞተር አላችሁ?"
"ጄኔሬተር ነው፤ መብራት ስለጠፋ።"
"ያነክሳል። ሰው ጥራ፣ ጉዳቱ ሳይሰፋ።"
ሳቅሁኝ። ወረቀቷን በመቀነቷ ቋጥራ፣
ወደ ሐኪሙ ሄደች፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ቆጥራ።

አምስት ሰዓት ላይ፣ ወረፋው ሳይጋመስ፣
ማሽኑ ጨለመ። ሲሞት አልሰማሁም፤ ቀድሞም ሲያነክስ።
ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሲሚንቶው ላይ ቆምኩኝ።
ምንም። ቅዝቃዜ ብቻ ነው የተሰማኝ።